የከንፈር ደባል

እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙት። ጉንፋን «ይይዘናል»፤ ቁርጥማት «ይገባብናል»፤ ንዳድ «ይጥለናል»። ምች ግን «ይመታናል»። አማርኛ ለበሽታ ሁሉ አንድ ዓይነት ግስ አያድልም። ምችን ያየው እንደ ሽፍታ ነው፤ ጥግ ይዞ፣ ሰዓት ጠብቆ፣ ደህና ሰው በመንገዱ ሲያልፍ ብድግ ብሎ የሚመታ። ለብዙ ዓመታት እንጀራዬ ቃላት መፈልፈል ስለነበረ «ምች» የሚለው ቃል ራሱ ከ«መታ» ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ይመስለኛል። የዘር ቆጠራውን ለመዝገበ ቃላት ሊቃውንት ልተወውና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ጉዳዬ ያቺ ከንፈር ላይ የምትወጣው ነገር ናት። ማታ በሰላም ተኝታችሁ፣ ጠዋት መስታወት ፊት ስትቆሙ ከከንፈራችሁ ጠርዝ ጉብ ብላ የምትጠብቃችሁ። ሲጀምር ቆንጠጥ ቆንጠጥ፣ ውርር የሚያደርግ ስሜት ነው። ከዚያ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች ተደርድረው ይመጣሉ፤ ይፈነዳሉ፤ ይቆስላሉ፤ ቅርፊት ይሠራሉ፤ ቅርፊቱ ደግሞ በሳቃችሁ ቁጥር ይሰነጠቃል። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን፣ ሲከፋ ሁለት ሳምንት። ሌላው ጠባይዋ ደግሞ ሠርግ፣ ፈተና ወይም የሥራ ቃለ መጠይቅ ሲደርስ መምረጧ ነው። (ይሄ ነገር የዕድል ጉዳይ እንዳልሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።)

ችግሩ እኛ ምች ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንዱ ሰው የሚለው ትኩሳቱን፣ ራስ ምታቱን፣ ምግብ መጥላቱን ነው። ሌላው የከንፈሩን ቁስል ነው። አብዛኞቻችን ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለን እንጠራቸዋለን። ምክንያቱንም የሰፈር እናቶች ሲዘረዝሩ ሰምተን አድገናል፤ ሽንኩርት ስታቁላላ ውላ በቀጥታ ፀሐይ ላይ የወጣች ሴት፣ በሳሙና ታጥቦ ሳይደርቅ ደጅ የተቀመጠ ልጅ፣ ላቡን ሳያበርድ ቀትር ላይ የተኛ ጎልማሳ። እናቴ ከማድ ቤት ወደ ግቢ ስትወጣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል የምታደርገው ለጌጥ አልነበረም።

ይህ ሁሉ የልጅነት ትዝታ ሆኖ በቀረ ነበር፤ ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ስልክ ባይደወልልኝ ኖሮ። የደወለልኝ በአንድ ወቅት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን ባለ ትዳር ሆኖ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ይኖራል። ሰላምታው እንኳ በወጉ አላለቀም።

«ጋሼ፣ ትዳሬ ሊፈርስ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ ከንፈሯ ላይ ወጣባት። እንደ ሌላ ጊዜ ቫዝሊን ቀብታ ብትተወው ኖሮ ያልፍ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ኢንሹራንሱም አለ፣ ጊዜውም አለ፣ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ አየት አደረጋትና «ሄርፒስ ነው» ብሎ መድኃኒት ጻፈላት። ቃሉን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ቃሉን ፈለገች፤ ያገኘችው የአባላዘር በሽታ ነው። ባሏን በር ላይ ጠበቀችው። «ከየት አመጣኸው?» ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱ ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው።

«ጋሼ፣ እናቴን በየበጋው ሲመታት የኖረ ምች አሜሪካ ሲደርስ እንዴት የአባላዘር በሽታ ሆነ?»

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በክፍሌ ውስጥ ጠይቆኝ አያውቅም።

መልሱ የስም ጣጣ ነው። ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባለው ቫይረስ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቁጥር 1 እና ቁጥር 2። ቁጥር 2 በአብዛኛው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈውና ከወገብ በታች የሚያቆስለው ነው። ቁጥር 1 በአብዛኛው የአፍና የከንፈር ነው፤ የኛ የከንፈር ምች ማለት እሱ ነው። «በአብዛኛው» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ቁጥር 1 ከአፍ ወደ ሌላ ቦታ ሊሻገር ይችላል፤ አዋቂዎች ናችሁና እዚህ ላይ ብዙ አላብራራም። ከንፈር ላይ የወጣ ቁስል ግን የማንንም መማገጥ አይመሰክርም።

እንዲያውም ይህን ቫይረስ አብዛኛው ሰው የሚያገኘው በልጅነቱ ነው፤ ያውም ከሚወደው ሰው ከንፈር። እናት፣ አያት፣ አክስት ትስመዋለች፤ ቫይረሱ በምራቅና በቁስሉ ፈሳሽ ይሻገራል። አንዳንዱ ልጅ ያን ጊዜ ይታመማል፤ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ድዱ ያብጣል፣ አፉ ይቆስላል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። ብዙው ግን ምንም ሳይሰማው ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ 3.8 ቢሊዮኑ፣ ማለትም 64 በመቶው ቁጥር 1ን ይዞ ነው የሚዞረው። ከሦስት ሰው ሁለቱ ማለት ይቻላል! ታክሲ ውስጥ ስትገቡ ግራና ቀኛችሁን አስቡት።

ታዲያ ለምን ሁላችንም ላይ አይወጣም? ቫይረሱ ከመጀመሪያው ጊዜ በኋላ የነርቭን መስመር ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣና ከጆሮ አካባቢ፣ ራስ ቅል ውስጥ ካለ የነርቭ ቋጠሮ ገብቶ ይተኛል። ይተኛል እንጂ አይሞትም። ሰውነታችን አያባርረውም፤ መድኃኒትም እዚያ ድረስ ሄዶ አይነቅለውም። ደባል ነው። ከፊሉ ሰው ዘንድ ዕድሜ ልኩን ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል። ከፊሉ ዘንድ ግን ቤቱ ሲናጋ ይነቃና በመጣበት የነርቭ መስመር ተመልሶ ወርዶ ከንፈር ላይ ብቅ ይላል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ እዚያው የለመደው ቦታ ላይ የሚወጣው። ቤቱን የሚያናጉት ደግሞ ትኩሳት፣ ድካም፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በሴቶች የወር አበባ፣ እና… ፀሐይ ናቸው። ሠርግና ፈተና የምትመርጠው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

ልጁን ስልኩን ለሚስቱ እንዲሰጣት ጠየቅሁት። ድምጿ ቆፍጠን ያለ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎም ለእሱ ሊያደሉ ነው አይደል?»

«ልጠይቅሽ ብቻ። ልጅ ሳለሽ እናትሽን ምች ይመታቸው ነበር?»

ዝም አለች። ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚሰማ ዝምታ ነው።

«…በየበጋው» አለች ቆይታ።

«ማን እየሳመሽ ነው ያደግሽው?»

አልመለሰችልኝም፤ ትንፋሿ ግን ተለወጠ። ከማን እንደመጣ ማንም ሐኪም እርግጡን ሊነግራት እንደማይችል፣ ምናልባት ከእናቷ፣ ምናልባት ከሞግዚቷ፣ ምናልባትም ባሏ ሳያውቀው ከእሱ ከንፈር ሊሆን እንደሚችል ነገርኳት። ቫይረሱ ገብቶ ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ እንደሚችልም ጨመርኩላት። ሶፋው ነጻ ይውጣ አይውጣ አልጠየቅሁም፤ የሽማግሌ ሥራም ልክ አለው።

ከስልኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያሰብኩት የራሳችንን ሰው ነው። በ1990ዎቹ፣ ኤች አይ ቪ በየቤቱ ሰው በሚቀጥፍበትና መድኃኒቱ ባልነበረበት ዘመን፣ አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት የምትቀመጥ፣ በክርክር ማንም የማይረታት። አንድ ሰሞን ከኋላ ወንበር ሄዳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መቀመጥ ጀመረች። አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ከንፈሯ ላይ የወጣባትን ያዩ ጓደኞቿ በሹክሹክታ ፈርደውባት ነበር። አሥር ቀን ሳይሞላ ድና ወደ ፊት ወንበሯ ተመለሰች፤ አጠገቧ የነበሩት ልጆች ግን አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ የከንፈር ቁስል ባየሁ ቁጥር ያ ባዶ ወንበር ነው የሚመጣብኝ። እውነቱን ለመናገር በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ሌላ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይኸው ተራ ቁስል ይሰፋል፣ ይከርማል። ስለዚህ ከአንድ ወር በላይ አልድን ያለ ቁስል ያለበት ሰው መመርመር አለበት። መጥቶ በሳምንት የሚሄደው ግን የሦስት ሰው የሁለቱ ነገር ነው።

አሁን ወደ እናቶቻችን ልመለስ። ስለ ፀሐይዋ ልክ ነበሩ! የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የከንፈርን ቆዳ መከላከያ ያዳክማል፤ የተኛውን ቫይረስ ይቀሰቅሳል። ከፍታ በየ1000 ሜትሩ ሲጨምር ይህ ጨረር ወደ 10 በመቶ ያህል ይጠነክራል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ያውም ለምድር ወገብ ቅርብ። እንግዲህ «ፀሐይ መታችኝ» ማለት እኛ አገር ተረት አይደለም። የሽንኩርቱ ሽታና የሳሙናው ነገር ግን በሳይንስ ደጋፊ የለውም። እኔ የምጠረጥረው ድካሙን ነው፤ ከንጋት ጀምራ እሳት ዳር የዋለች ሴት ሰውነቷ ዝሎ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ቁሌቱ ተከሰሰ፣ ድካሙ ነጻ ተለቀቀ። ለማንኛውም ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ወይም የፀሐይ መከላከያ ያለው የከንፈር ቅባት (ማሸጊያው ላይ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሚል) ፀሐይ ለሚቀሰቅስበት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ነጠላም ያው ጃንጥላ ናት።

ዳማከሴስ? በየጓሮው አለች፤ አንዳንዱ ስሟንም ትቶ «የምች መድኃኒት» ነው የሚላት። ቅጠሏ በመዳፍ ታሽቶ ይሸተታል፣ ግንባር ላይ ይቀባል፣ ጭማቂዋ ቡና ላይ ጠብ ተደርጎ ይጠጣል። ሽታዋን ስሰማ እኔ ገና ሳልቀምሳት ግማሽ እድናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የቅጠሏ ጭማቂ በአይጦች ላይ ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳትመዋል። ስለዚህ አያቶቻችን በከንቱ አልደከሙም። ግን ትኩሳት ማብረድና ቫይረስ መግታት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አይጥና ሰውም እንደዚያው።

ቫይረሱን የሚገታው አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ነው፤ በቅባትም በኪኒንም አለ። ታሪኩ ደስ ይለኛል። ከዋነኞቹ ባለቤቶቹ አንዷ ገርትሩድ ኤልየን የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ የዶክትሬት ትምህርቷን ሳትጨርስ ላቦራቶሪ ውስጥ ኖራ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ከሁለት ባልደረቦች ጋር የተካፈለች። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ተኝቶ ነው የሚገባው። የሚቀሰቅሰው የቫይረሱ የራሱ ኤንዛይም ነው። ቫይረሱ ሊባዛ ሲነሣ ገዳዩን በራሱ እጅ ይቀሰቅሳል ማለት ነው። ጤነኛው ሕዋሳችን ያን ኤንዛይም ስለሌለው እምብዛም አይነካም። እንዲህ ያለ ሴራ በልብ ወለድ ብናገኝ «ደራሲው አበዛው» እንል ነበር።

ታዲያ ይህ መድኃኒት የሚረዳው ገና ውርር ሲል፣ እብጠቱ ሳይወጣ ከተጀመረ ነው። ቅባቱ በቀን 5 ጊዜ ያህል ይቀባል። ቅርፊት ከሠራ በኋላ ለመቀባት መሯሯጥ ለባለ ፋርማሲው ነው የሚጠቅመው። በዓመት ብዙ ጊዜ የሚመላለስበት ሰው ሐኪም ኪኒን ሊያዝለት ይችላል። አሞክሳሲሊን መዋጥ፣ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን መነስነስ ግን ከንቱ ነው፤ እነዚህ ለባክቴሪያ እንጂ ለቫይረስ አልተፈጠሩም። ቁስሉን ነካክቶ ዓይን ማሸት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ቫይረሱ ዓይን ውስጥ ከገባ የዓይንን የፊት ሽፋን አቁስሎ በጠባሳ ብርሃን ሊነሣ ይችላል። ከንፈሩ ላይ ወጥቶበት ዓይኑ የቀላበት፣ ያመመው፣ ብርሃን ያስጠላው ሰው ከጎረቤት ጠብታ ሳይዋስ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ ያንገበግበኛል። ትኩሳት ምችን ይቀሰቅሳል ብያችኋለሁ። ወባም ትኩሳት ናት፤ የሳንባ ምችም እንዲሁ። አንድ ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ ወይም መተማ ወርዶ ይመለሳል። ይተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ከንፈሩ ላይ ይወጣበታል። ቤተሰቡ ከንፈሩን ያይና «ምች ነው» ይላል፤ ዳማከሴ ይታሻል፤ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይጠበቃል። የከንፈሩ ቁስል እኮ ከትኩሳቱ በኋላ የመጣ ተከታይ ነው! ዋናው ከውስጥ አለ። ወባ ደግሞ ሕክምናዋ ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲሆን ነው የሚመረጠው፤ በተለይ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር። ከቆላ የመጣ ሰው ከተኮሰው መጀመሪያ ደሙ ይታይ፤ ዳማከሴዋ በመንገድ ላይም ትሸተታለች።

ስለ መተላለፉ ደግሞ የእኛ ሰው ግራ የሚጋባበት ምክንያት አለው። ምች «የሚመታ» ከሆነ እንዴት ይጋባል? ፀሐይ ከእኔ ወደ አንተ አትተላለፍም። ቋንቋችን እዚህ ላይ ሸውዶናል። እብጠቱ ሳይወጣ፣ ገና ውርር ማለት ከጀመረበት ሰዓት አንሥቶ ቅርፊቱ ረግፎ እስኪድን መሳሳም መቆም አለበት፤ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ፎጣ፣ አንድ ሊፕስቲክ መጋራትም እንዲሁ። ለጎልማሳ ሰው ብዙም አያሰጋም፤ አብዛኛው ቀድሞ ይዞታል። የሚያስፈራው ለአራስ ልጅ ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት የሕፃን መከላከያ ገና ስላልበሰለ፣ ቫይረሱ ወደ አንጎሉና ወደ ጉበቱ ሊዘልቅ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ይገድላል። ጡት እምቢ ያለ፣ የፈዘዘ፣ የተኮሰው ወይም ቆዳው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር የወጣበት አራስ ቀኑን ሙሉ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።

ይህን ሁሉ ባወቅሁ በወሩ የእህቴ ልጅ ወለደች። ወንድ። ልንጠይቃት ተሰብስበን ገንፎ እየበላን ሳለ አክስቴ ገቡ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ግማሾቻችንን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያሉ፣ እልል እያሉ፣ በቀጥታ ወደ ሕፃኑ። ከታችኛው ከንፈራቸው ጥግ ላይ ግን የተሰነጠቀ ቅርፊት አለ፤ ዙሪያው በዳማከሴ አረንጓዴ ሆኗል።

አራሷ አየችኝ። አየኋት። ቤቱ ዝም አለ። በእኛ አገር ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትስም የኖረችን ሴት «አትሳሚ» የሚል ሥርዓት አልተጻፈም። «ቫይረስ አለብዎት» ብል ስድብ ነው የሚሆነው፤ ምናልባትም እስከ ክርስትናው የሚዘልቅ ኩርፊያ።

«እትዬ፣ ምች መታዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ከለቅሶ ስመለስ ፀሐይ አግኝታኝ ነው።»

«እንግዲያው ለዛሬ ልጁን አይሳሙት። ምቹ እሱንም እንዳይመታው።»

ቆሙ። «እኔ? እኔ ነኝ የማልስመው? አንተን ራስህን በምን ያሳደግሁህ ይመስልሃል?»

«በመሳም ነዋ!»

«ደግሞ ምች ከመቼ ወዲህ ነው ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው?»

«ይሄዳል እትዬ። ለእኛ የከንፈር ቁስል ነው፤ ለአራስ ግን ጭንቅላቱ ድረስ ይወጣበታል። ቅርፊቱ ይርገፍና እስኪጠግቡ ይስሙት፤ ማን ይከለክልዎታል?»

ሕፃኑን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አድርገው ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብለው ቆሙና «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው ከሩቅ መረቁት። ገንፎውን አልነኩም። የተቀየሙ መስሎኝ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ የጎረቤት ሴቶች ሲመጡ ድምፅ ሰማሁ። አክስቴ ዱካ አስመጥተው ከበሩ ጥግ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው እንደተሸፈነ ነው። የምትገባውን ሁሉ አገጯን ወደ ብርሃን ቀና አስደርገው እያዩ ይጠይቃሉ፤ «አንቺ፣ ከንፈርሽን አሳዪኝ እስቲ። ምች የመታው አይስምም፤ ለአራስ ጭንቅላት ላይ ይወጣል!»